የዘጌ ቡናና የቦምባይ ጠገራ ብር

ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የምትርቀው፣ ወደ ጣና ገባ ያለችው ይህች የደን ምድር ከጥንት ጀምሮ ኑሮዋ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም ቦታውን ሲገድሙ ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ በእነዚህ ተክሎች እንዲኖር ባርከውለታል። ግዝቱን የጠበቀው ትውልድ ደኑን አልመነጠረም። የኡራ ኪዳነ ምሕረትና የአዝዋ ማርያም ዙሪያ ዛሬም በዛፍ ጥላና በቡና ተሸፍኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

ግዝቱ ግን ሌላም ነገር አስከትሏል። የማያርስ ሰው ጤፉንም ዳጉሳውንም ገዝቶ ነው የሚበላ። ሌላው ባላገር ገበያው ቢከፋበት ወደ ጎተራው ይመለሳል፤ የዘጌ ሰው የሚመለስበት ጎተራ አልነበረውም። ለዓመት ቡናው የተቀበለው ገንዘብ ሐሰተኛ ወይም የተሸረፈ ቢሆን ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ በዚህ ዳርቻ ገንዘብ መለየት የኑሮ ጉዳይ ነበር።

ቡናው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ጣናን እያቋረጠ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ወደ ቆራጣ፣ ከዚያም በአህያና በበቅሎ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ ይሻገር ጀመር። የታሪክ ምሁሩ አብዱሳመድ አህመድ ስለዚሁ ዘመን ዘጌ ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ያን ቡና ከሚያለሙትና ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ፤ ከአሳዳሪዎቻቸው መካከልም ካህናት ነበሩበት። ስለ ዘጌ ብር ሲወራ ይህ ተደብቆ መታለፍ የለበትም። ብሩን የቆጠረው እጅና ቡናውን የለቀመው እጅ አንድ አልነበሩም።

በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። አንደኛው አሞሌ ነው። ከአፋር ጨው ሜዳ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ የሚመጣ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ የጨው ዱላ። ለቅመማ ቅመም፣ ለዶሮ፣ ለማሰሮ፣ ለጥቃቅኑ ሁሉ ያገለግላል። ችግሩ ግን ግልጽ ነው፤ ዝናብ ያሟሟዋል፣ መንገድ ይሰብረዋል፣ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንራል። ሐምሌ ላይ በጣና ዳርቻ አሞሌ ማከማቸት ከባድ ነበር። ትልቅ ነገር የሚሸጥና ሀብቱን ከክረምት ክረምት ማሻገር የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነበር፤ ጠገራ ብሩን።

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ታለር ነው። ስፋቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው። ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናልና ሀብታም ነጋዴ ገንዘቡን በኪስ ሳይሆን በበቅሎ ነበር የሚያጓጉዘው።

ብሩን እጅ ላይ አስቀምጦ በደንብ ማየት ይገባል። በፊት ገጹ ሞላ ያለ ደረትና አንገት ያላት ሴት ወደ ቀኝ ዞራ ትታያለች። ከራሷ ላይ ወደ ኋላ የሚወርደው ሻሽ የሐዘን ነው፤ ባሏ ቀዳማዊ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1765 ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ መበለት ሆና ኖራለችና። ከሻሹ ፊት በዕንቁ የተደረደረ የራስ ጌጥ አለ። ትከሻዋ ላይ ልብሷን የያዘው ክብ መርፌ ዙሪያውን በዕንቁ ነጠብጣብ ታጥሯል። ከደረቷ በታች ደግሞ በጣም ትንንሽ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ «ኤስ» እና «ኤፍ»፣ ተቀርጸዋል። ሲገለበጥ ሁለት ራስ ያለው ንስር ክንፉን ዘርግቶ፣ ደረቱ ላይ ጋሻ ተሸክሞ ይታያል፤ ከበላዩ ዘውድ፣ በጠርዙ ጽሑፍ መጨረሻ 1780 የሚል ዓመትና የ«ኤክስ» ቅርጽ ያለው መስቀል አለ። ብሩን በጎኑ ሲያቆሙት የጠርዙ ውፍረት ባዶ አይደለም። የሐረግ ጌጥና የንግሥቲቱ መፈክር የሆነው «ፍትሕና ምሕረት» በላቲን ተቀርጾበታል።

ከጣና እስከ ምጽዋ ያለው ነጋዴ ከእነዚህ ፊደላት አንዱንም አያነብም ነበር። ብሩን ግን ከአውሮፓዊው ባለ ባንክ ይልቅ ያውቀው ነበር።

ኢትዮጵያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎበኙ መንገደኞች ደጋግመው የጻፉት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ የራስ ጌጡን ዕንቁ ይቆጥራል፤ የትከሻውን መርፌ አጉልቶ ያያል፤ ሁለቱ ፊደላት ከነነጥባቸው መኖራቸውን ያረጋግጣል። የፈዘዘውን ይመልሳል። የተበሳውን አይወስድም። ዕንቁው ያልተሟላ ከሆነ የቱንም ያህል ቢለምኑት አይቀበልም። ብዙዎቹ መንገደኞች ይህን እንደ ሞኝነት፣ አለዚያም ከንግሥቲቱ መልክ ጋር እንደ ተያያዘ ባዕድ አምልኮ አድርገው ነው የተረኩት። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከእነሱ ጋር ነው። ነጋዴው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብሩ ላይ ከፍ ብለው የወጡት፣ ሰው እጅ ላይ ሲውሉ መጀመሪያ የሚያልቁት የራስ ጌጡና የመርፌው ዕንቁዎች ናቸው። ዕንቁው አንድ በአንድ ሲቆጠር ብሩ ብዙ አልተፋቀም፤ ክብደቱ ሙሉ ነው ማለት ነው። ሚዛን በሌለበት ገበያ ዓይን ሚዛን ሆነ። ጠርዙ ላይ ያለው ሐረግና ጽሑፍም እንዲሁ ጠባቂ ነው፤ ብር እየላገ የሚሰርቅ ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነውና። የተበሳ ብር ከአንገት ወርዶ የመጣ ጌጥ ነው፤ በቀዳዳው ልክ ብሩ ጎድሏል። አስመስሎ የሚሠራ አንጥረኛ ቢኖርም የንግሥቲቱን ፊት በሸክላ ቅርጽ ሊገለብጠው ይችል ይሆናል፤ ጥቃቅኗን ነጠብጣብና ከደረቷ ሥር ያሉትን ሁለት ፊደላት አጥርቶ ማውጣት ግን ይቸግረዋል። ከዚያ ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን መስማት ይቀራል። ሙሉ ብር ይጮኻል፤ እርሳስ የገባበት ድምፁ የታፈነ ነው።

ወርቅና ዝባድ የሚመዝነው ሰውም በጠገራ ይጠቀም ነበር። ወቄት የተባለው መመዘኛ በጠገራ ክብደት ሲለካ፣ ብሩ በአንድ ጊዜ ገንዘብም ሚዛንም ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ የጎደለ ብር የሚጎዳው ተቀባዩን ብቻ አልነበረም፤ በእሱ የተመዘነውንም ሁሉ ያዛባል።

ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። ከዚያ በኋላ ልጇ ዳግማዊ ዮሴፍ በራሱ ምስል ገንዘብ ማስመታት ነበረበት፤ አስመታም። በምሥራቁ ንግድ ግን የእናትየውን ብር የለመደው ገዢ ሌላ አልቀበልም አለ። በደቡብ ጀርመን የምትገኘው የጉንዝቡርግ ገንዘብ መምቻ ቤትም ዓመቱን ሳይቀይር፣ 1780 እንዳለ፣ መምታቱን ቀጠለ። «ኤስ» እና «ኤፍ» የዚያ ቤት ሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ፣ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ሞተው፣ ቤቱም ተዘግቶ፣ ፊደላቸው ግን ከብሩ ላይ አልወረደም። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ ተራ በተራ ያንኑ ብር ሲመቱ የሌላ ከተማ ሰዎችን ፊደል ይዘው ነው የመቱት፤ ካላስገቡ አይሸጥላቸውምና። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ከ380 ሚሊዮን በላይ ጠገራ እንደተመታ ይገመታል። ይህ ሁሉ ብር የአንድ ዓመት ስም ይዟል።

የአንዲት የሞተች ንግሥት ሻሽ እንዳይነካ፣ ዕንቁዋ እንዳይጎድል፣ ንስሯ ላባ እንዳይቀይር ያስገደደው የቪየና ቤተ መንግሥት አይደለም። የካይሮ፣ የጂዳ፣ የምጽዋ፣ የጎንደርና የቆራጣ ገበያ ነው። በብዙዎቹ የታሪክ መጻሕፍት ይህ ኃይል ለባለ ባንኮቹ ተሰጥቷል፤ ድርሻው ግን የቆጣሪዎቹ ጭምር ነበር።

ዘጌ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ በጣም ጎልታ ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈራቸውን ዘጌ ላይ አድርገው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የታሰሩ ዜጎቹን ለማስፈታት የላከው ሆርሙዝድ ራሳም በቆራጣ ከተቀመጠ በኋላ ታንኳ ተሳፍሮ ወደ ዘጌ የተሻገረው ያን ጊዜ ነው። ንጉሡ ለራሳም ከሰጡት ስጦታ መካከል በሺህ የሚቆጠር ጠገራ ብር ይገኝበታል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ራሳምንም አሰሩት። በሰኔ አካባቢ የኮሌራ ወረርሽኝ ሰፈሩን ሲመታው ሠራዊቱ ዘጌን ለቆ ሄደ።

የእስሩ መዘዝ በጄኔራል ናፒየር የሚመራውን የእንግሊዝ ጦር አመጣ። ከቦምባይ ተጭኖ እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ የመጣው ያ ሠራዊት በሕንድ የለመደው ሩፒ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ግን በቅሎ፣ ገብስና እንጨት የሚገዛው በጠገራ ነው። ስለዚህ እንግሊዞች ለዘመቻው ከ4 ሚሊዮን በላይ ጠገራ ሰበሰቡ፤ የቪየናው መምቻ ቤትም ለዚሁ ሲል በትጋት ሠራ። ከ110 ቶን የሚበልጥ ብር መሆኑ ነው። ሕንድን የሚገዛ መንግሥት ከኢትዮጵያዊ ባላገር ገብስ ለመግዛት የኦስትሪያ ንግሥት መበደር አስፈለገው።

ሌሎችም ተፎካካሪ ለማምጣት ሞክረዋል። ጣሊያን ኤርትራን ከያዘች በኋላ በ1890ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የንጉሥ ኡምቤርቶን ምስል የያዘ ታለሮ አስመታች። መጠኑ ከጠገራው ጋር ይቀራረባል፤ ብሩ ግን ከ1000 እጅ 800 ብቻ ነበር። ሕዝቡ አልተቀበለውም። በ1918 ብልጠቱ ጨመረ፤ ዘውድ ያላት፣ ከማሪያ ቴሬዛ ጋር የምትመሳሰል ሴት ተቀርጻ መጣች፤ ከኋላዋም ንስር ነበረ፤ የብሩ ጥራትም ከጠገራው አላነሰም። ያም ወደቀ። የራስ ጌጧ ሌላ ነው፣ ሻሹ የለም፣ ሁለቱ ፊደላት የሉም። ነጋዴው እዚህ ላይ የመዘነው ብሩን ብቻ ሳይሆን ነገ ሌላው ሰው ይቀበለኛል ወይ የሚለውንም ነው።

ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ይህን ፈተና አላመለጡም። በስማቸው ያስመቱት ብር በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተቀረጸ። ምስሉን የሠራው ታዋቂው ፈረንሳዊ ቀራፂ ዡል ክሌማን ሻፕለን ነው። በአንድ ገጽ ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው መስቀል የተሸከመ አንበሳ፣ ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ተብሎ። ክብደቱና የብር ጥራቱ ከጠገራው ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና ቤሳም አብረውት መጡ።

የገንዘብ ምልክት ማንበብ ለሚወድ ሰው የምኒልክ ብሮች ትልቅ ትምህርት ቤት ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የፓሪስ መምቻ ቤት ምልክት የሆነችው የላቲን «ኤ» ፊደልና የቤቱ ሹማምንት ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። አንበሳውን ደግሞ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ያነሳው የግራ የፊት እግሩን ነው፣ በሌሎቹ ላይ የቀኙን። ሰብሳቢዎች የአንዱን ዙር ገንዘብ ከሌላው የሚለዩት በዚህች እግር ነው። ከአያቱ የወረሰውን የምኒልክ ብር ዕድሜ ልኩን ያስቀመጠ ሰው የአንበሳውን እግር አይቶ ላያውቅ ይችላል።

ብሩ በአዲስ አበባ ቶሎ ተለመደ፤ በሩቅ ገበያ ግን ለብዙ ዓመት በቅናሽ ነበር የሚታየው። ይህ በንጉሡ ላይ የተሰነዘረ ንቀት አልነበረም። ቡናውን በመተማ የሚያሻግር የዘጌ ሰው ሱዳናዊው ነጋዴ፣ ከዚያም በቀይ ባሕር ማዶ ያለው ዐረብ የሚቀበለውን ገንዘብ ነው የሚፈልገው። የምኒልክ ብር ድንበር ላይ ይቆማል፤ መበለቲቱ ግን ባሕር ትሻገራለች።

የቦምባይ ታሪክ የሚጀምረው በወረራው ዋዜማ ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውጋት ሲዘጋጅ ያለ ጠገራ መኳንንት መደለልም ስንቅ መግዛትም እንደማይቻል ተረድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ከኦስትሪያ ጋር ተስማምቶ የማተሚያውን ብረትና የመምታቱን መብት ለ25 ዓመት ወሰደ፤ ሮማ ላይም ጠገራ ይመታ ጀመር። በቀይ ባሕር ዙሪያ ንግድ ያላቸው እንግሊዞች ይህን ዝም ብለው አላዩትም። ለንደን በ1936 የራሷን ማተሚያ አስቀርጻ መምታት ጀመረች። ፓሪስና ብራስልስም እንዲሁ አደረጉ። የሞተች ንግሥት በአራት አምስት ዋና ከተማ በአንድ ጊዜ ትመታ ጀመር፤ ሁሉም 1780 ይላሉ፣ ሁሉም «ኤስ» እና «ኤፍ» አላቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲሰፋና ሜዲትራኒያን ሲዘጋ ከለንደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ብር መላክ አስቸጋሪ ሆነ። እንግሊዞች ሥራውን ወደ ቦምባይ አዞሩት። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 የቦምባይ መምቻ ቤት ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ጠገራ መታ፤ ከ500 ቶን በላይ የሚመዝን ብር ነው። ናፒየር ከቦምባይ ሲነሳ የሕንድ ገንዘብ በኢትዮጵያ አላገለገለውም ነበር። ከ70 ዓመት በኋላ ያችው ከተማ በኢትዮጵያ የሚሠራውን ገንዘብ ራሷ መታች።

ያን ጊዜ ጎጃም በጦርነት ላይ ነበር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ተልእኮ 101 እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 ከሱዳን ተሻግሮ ከአርበኞች ጋር ተገናኘ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ ከኋላቸው በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው ጦር መጣ። ግመሎቹ ከጥይትና ከስንቅ ጋር ጠገራ ብር ተሸክመው ነበር። የበቅሎ ኪራይ፣ የእህል ዋጋ፣ የአርበኛ ቀለብ፣ የመልእክተኛ ጉርሻ የሚከፈለው በእሱ ነው። ሊሬ በጣሊያን ዘመን ግዴታ ሆኖ የተጫነ ወረቀት ነበር፤ ጣሊያኖች ራሳቸው ባሕር ዳርንና ዙሪያዋን በያዙባቸው ዓመታት ባላገሩ ጠገራውን ከመሬት ቀብሮ ነበር የሚጠብቅ። ነፃነት ሲመጣ በጣና ዙሪያ የቪየና፣ የሮማ፣ የለንደንና የቦምባይ ብሮች በአንድ ከረጢት ተደባልቀው ነበር።

ታዲያ የቦምባዩ በምን ይለያል? መምቻ ቤቱ በራሱ ሩፒዎች ላይ ምልክት የማድረግ ልማድ ነበረው። የጆርጅ አምስተኛ ሩፒ ሲገለበጥ ከግርጌው የሎተስ አበባ አለ፤ ከአበባዋ በታች ነጠብጣብ ካለች ብሩ የቦምባይ ነው፤ ከሌለች የካልካታ። ያች ነጠብጣብ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ናት። ሕንዶች ይህን ልማድ እስከ ዛሬ አልተዉትም፤ በአሁኖቹ ሳንቲሞቻቸው ላይ ከዓመቱ ሥር ሰያፍ አራት ማዕዘን ካለ ሙምባይ (የቀድሞዋ ቦምባይ)፣ ኮከብ ካለ ሃይደራባድ፣ ነጥብ ካለ ኖይዳ፣ ምንም ከሌለ ኮልካታ ነው።

በሕንድ ገበያም ጌጥ የሚያይ ዓይን ይፈራ ነበር። በ1911 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጆርጅ አምስተኛ ሩፒ ላይ ንጉሡ ከለበሱት ካባ ጌጥ መካከል ትንሽ ዝሆን ተቀርጾ ነበር። ኩንቢው አጠረና ሕዝቡ አሳማ ነው አለ። ሙስሊሞች በተለይ ተቆጡ። መንግሥት ብሩን መልሶ አቀለጠ፤ በ1912 ኩንቢው ረዝሞ፣ ጆሮው ሰፍቶ ዝሆኑ ዝሆን ሆኖ ወጣ። የጣናው ዳር ነጋዴና የቦምባዩ ሸቃጭ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ በአንድ መንገድ ገንዘብ ያነቡ ነበር።

በጠገራው ላይ ግን ቦምባይ ነጠብጣቧን አላስቀመጠችም። አንዲት ተጨማሪ ነጥብ ብትታይ የዘጌው ሰው «ይሄ ሌላ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ አዋቂዎች የሚመለከቱት በግድ የለሽነት የቀረውን ልዩነት ነው። የማተሚያውን ብረት በየከተማው የሚቀርጹት የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸውና የሁለት ሰው እጅ አንድ አይሆንም። የትከሻው መርፌ ክብ ነው ወይስ ሞላላ፣ ዕንቁው ስንት ነው፣ የንስሩ ጅራት ላባ እንዴት ተደርድሯል፣ ከፊደላቱ በኋላ ያለው ነጥብ የት ላይ አርፏል፣ የሻሹ እጥፋት ስንት ነው፣ የጠርዙ ሐረግ ምን ይመስላል። የዛሬ ተመራማሪዎች ወፍራም መጽሐፍ አዘጋጅተው ጠገራን በዓይነት በዓይነት የከፋፈሉት በእነዚህ ነው። ሥልቱ ከነጋዴው የተለየ አይደለም፤ ዓላማው ነው የተለወጠው። እሱ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይበት ነበር፤ እነሱ እውነተኛውን ከእውነተኛው ይለዩበታል።

የሕንድ ገንዘብ ወደዚህ አገር የመጣው ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ መርከብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 በትግራይ ደብረ ዳሞ ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ተገኝቶ ነበር፤ ግኝቱን ለዓለም ያሳወቀው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ነው። ኩሻኖች ከአሁኗ አፍጋኒስታን እስከ ሰሜን ሕንድ የገዙ ናቸው። የቪማ ካድፊሰስ፣ የካኒሽካ፣ የሁቪሽካና የቫሱዴቫ ገንዘቦች አንድ ላይ ነበሩ። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተመታ አልነበረባቸውም፤ ገዳሙ ራሱ ገና ሳይመሠረት የተቀመጡ መሆናቸውን ያመለክታል።

የእነዚህም መለያ ጌጥ ነው። ካኒሽካ ረጅም ካባ ለብሶ፣ እሳት የሚነድበት መሠዊያ ፊት ቆሞ ይታያል። ሁቪሽካ ብዙ ጊዜ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው። በጀርባቸው የግሪክ፣ የፋርስና የሕንድ አማልክት አሉ። ከአምላኩ ጎን የምትገኘው ባለ ጣቶች ሹካ የመሰለች ምልክት የንጉሡ ማኅተም ናት፤ ከንጉሥ ወደ ንጉሥ ቅርጿ ስለሚቀያየር ጽሑፉ ቢጠፋ እንኳ ባለቤቱን ትናገራለች። የአክሱም ነገሥታትም ወርቃቸውን ወደዚያው ልከዋል፤ በደቡብ ሕንድ ተገኝቷል። ከዒዛና መጠመቅ በፊት የተመታው ጨረቃና ክብ አለበት፣ ከዚያ ወዲያ የተመታው መስቀል። የንጉሡን ምስል ከግራና ከቀኝ ያቀፈው የእህል ዛላ ግን በሁለቱም ዘመን አለ።

ጠገራ ከገበያ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ዋለ። ከወረቀቱ ጋር የመጡት ሳንቲሞች ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመት ነበራቸው፤ ይህ ዓመት በየዙሩ ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ተመታ። ከ1780 በኋላ አገሪቱ ሁለተኛ የቆመ ዓመት አገኘች ማለት ነው። 50 ሳንቲሙ ከብር የተሠራ ነበርና ባላገሩ ወደደው። ችግር የመጣው 25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ ሆኖ በመውጣቱ ነው፤ የብር ቀለም እየቀቡ እንደ 50 የሚያሳልፉት ሰዎች ተነሱ። ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እየገባና እየወጣ እንዲሆን ተደረገና ጨለማም ውስጥ በጣት የሚለይ ሆነ።

ብዙው ጠገራ አንጥረኛ እሳት ውስጥ ገብቶ መስቀል፣ አምባር፣ ድሪና የጆሮ ጌጥ ሆኗል። የሚያሳዝን ነው፤ የቀለጠው ብር ከየት እንደመጣ ከእንግዲህ የሚናገር የለም። ይሁን እንጂ ከማጀት ሳጥን፣ ከአንገት ማተብና ከንዋየ ቅድሳት ጋር የቀረው ገና ብዙ ነው። በባሕር ዳር የጌጣጌጥ ሱቆች የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ የቪየናው መምቻ ቤት ዛሬም ያንኑ ብር በ1780 ስም ይመታል። የሚያብረቀርቅ፣ ዕንቁው አንድ ያልጎደለው ሁሉ የአያት ብር አይደለም።

ቤቱ ጠገራ ያለው ሰው ደግሞ በአመድም በአሲድም አይፈትገው። መጀመሪያ በጥሩ ብርሃን ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ ያንሳው። ጠርዙን አዙሮ ሐረጉን ይይ። በወርቅ ቤት ሚዛን ያስመዝነው፤ ከ28 ግራም እምብዛም መጉደል የለበትም። ከዚያ መርፌውን፣ የንስሩን ጅራትና ከፊደላቱ ጎን ያሉትን ነጥቦች አጉልቶ ያንሳቸው። ከማን እንደወረሰው፣ ለምን እንደተከፈለ፣ ቡና ይሁን ጌሾ፣ የአርበኛ ቀለብ ይሁን ጥሎሽ፣ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ካሉ ስማቸውንና ቃላቸውን ከፎቶው ጋር ይጻፍ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የገንዘብ ስብስብ አለ፤ ለማመሳከር ይጠቅማል። የዘጌ ገዳማትም ዘውዱንና መስቀሉን ለጎብኚ እንደሚያሳዩ ሁሉ በዕቃ ቤታቸው ጠገራ ካለ በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ቢመዘግቡት፣ ከቦምባይ የመጣው ስንቱ እንደሆነ በጣና ዳርቻ ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ይቻላል።